ክሊራንስ ያልጨረሱ

የኮምፒውተር ባለሙያዋን አለቃዋ አቶ ገረመው ከጠዋት ጀምሮ አላስቆም አላስቀምጥ ብለዋታል። የሰው ኃይል ክፍል የሠራተኞች ዝርዝር ከኮምፒውተሮቹ መዝገብ ጋር ከምሳ በፊት መገናኘት አለበት፤ የዋና ሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ነው።

“ሥራ በለቀቀ ሰው ስም ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ወዲያው ይቆለፍ” አሏት። “ሰው ሁሉ ክሊራንስ ሳይጨርስ ላፕቶፑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እብስ እያለ አንጀቴ አረረ።”

“ዝርዝሩ ስህተት ቢኖረውስ፣ ጋሼ? መጀመሪያ ሰዎቹን ደውለን ብንጠይቅ?”

“ማንም አይጠየቅም። ማሽኑ ራሱ ይቆልፍ።”

ሪፖርታቸውን ሊጽፉ ወደ ቢሯቸው ገቡ። እሷም እንዳሏት አድርጋ ሁለቱን አገናኘች። የለቀቁት ሰዎች ስም በቀይ ይወርድ ጀመር፤ አንዱ ካናዳ የገባ፣ አንዷ ባንክ የተቀጠረች፣ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ስሙን ደግማ አነበበችው። የለቀቀበት ቀን የዛሬው ነው። ማስታወሻው ደግሞ፣ “የስንብት ደብዳቤው ከምሳ በኋላ ይሰጠዋል” ይላል።

የአለቃዋ ቢሮ በር ተከፈተ።

“ልጄ፣ እስቲ ብቅ በይ” አሉ አቶ ገረመው። “የኔ ኮምፒውተር ምን ሆኖ ነው የተቆለፈው?”