ሰሊጥ ሳይረግፍ

«ቀስ በል! ኳሷ ከእግርህ አትራቅ!» ይጮኻል ኸሊል።

ያረጋል የጨርቅ ኳሷን እየገፋ በቆሙት የሰሊጥ ነዶዎች መካከል ይሹለከለካል። ሌሎቹ ልጆች ተራቸውን ይጠብቃሉ። የደረቀ ሰሊጥ ኩርፊያው ቅርብ ነው፤ ገና ሲነኩት ፍሬውን ያራግፈዋል። የማሳው ባለቤት እመት አሰበች ለኳስ ልምምድ የፈቀዱት አንዲት ፍሬ እንዳትረግፍ ኸሊልን አስምለው ነው። እሱም ኳስ የለመደው ሱዳን አገር ገዳሪፍ፣ ከእንግሊዝ ሠራተኞች ጋር ቢሆንም፣ ከዚህ ማሳ የተሻለ አስተማሪ አላየም።

የጣሊያኑ የጦር አዛዥ፣ የካፒታኖው አስተርጓሚ ከምሽጉ በበቅሎ መጣ። አልወረደም።

«ካፒታኖው ብሎሃል፤ እሑድ ልጆችህ ከወታደሮቹ ጋር ሲጫወቱ ጎል እንዳያገቡ። እንግዳ አለበት፣ ማፈር አይፈልግም። ካገቡ የምትገረፈው አንተ ነህ። በል መሳትን አለማምዳቸው፤ አይቼ ልንገረው።»

የኸሊል ደም ፈላ። አጃኢብ ነው! አገር በመድፍ የያዘ ሰው የጨርቅ ኳስ ይፈራል።

«ያረጋል፣ ምታ» አለ፤ ጎል ያደረጓቸውን ሁለት ነዶዎች እያሳየ።

ልጁ አስተርጓሚው እጅ ላይ ያለውን አለንጋ አየ። ከዚያ ለጋ። ኳሷ አንዱን ነዶ መታችው፤ ሰሊጡ ተንሿሾ ረገፈ። ያረጋል እንዲህ ስቶ አያውቅም።

«ጎበዝ!» አለና ሳቀ አስተርጓሚው።

«ምን ነካህ አንተ?» አለ ኸሊል።

«ጋሸ ኸሊል፣ እርስዎ ከሚገረፉ ብየ ነው» አለ ልጁ።

የኸሊል ቁጣ ግን አልበረደም።

«ጀርባው የኔ ነው! ማን ጠብቅልኝ አለህ? ወላሂ፣ የምሳሳለትስ የእመት አሰበች ሰሊጥ ነው።»

ያለችውን አንዲት ሸሚዝ አወለቀ። ተንበርክኮ የረገፈውን በእፍኙ እየዛቀ በሸሚዙ ቋጠረው። ቋጠሮውን በሁለቱ ነዶዎች መካከል አስቀመጠና ጎሉን አጠበበው።

«ለጌታህ ንገረው» አለ ለአስተርጓሚው ጀርባውን ሰጥቶ፤ «አለንጋው ሸሚዝ እንዳይቀድብኝ ከአሁኑ አውልቄያለሁ።»

ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «አሁን ምታ።»

ያረጋል ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ወደ ኋላ አፈገፈገና ተንደርድሮ ለጋ። ኳሷ በቋጠሮውና በነዶው መካከል ሾልካ አለፈች።

ከነዶው አንዲት ፍሬ አልረገፈችም።