ነጭ የቀሩት አገሮች

«ይሄን ማነው የጻፈው?» ሰርካዲስ በብሩሹ እጀታ የካርታውን ግርጌ መታ መታ አደረገች።

ሁለት ጠረጴዛ ተገጥሞ የተዘረጋው አቡጀዴ ላይ የዓለም ካርታ ተስሏል። ኤድስ የበረታበት አገር ቀይ፣ መካከለኛው ብርቱካናማ፣ ያነሰበት ቢጫ ተቀብቷል። ከግርጌው ደግሞ በትልልቁ «ነጭ፦ ከኤድስ ነጻ» ይላል። የፀረ ኤድስ ክበቡ ተማሪዎች ቀለሙን ቀብተው ወደየቤታቸው ሄደዋል። የኤድስ ቀን ዘንድሮ ኅዳር ጽዮን ላይ ስለሚውል ትምህርት ቤቱ በዋዜማው፣ ነገ ዓርብ ሊያከብረው እንግዶች ጠርቷል።

«እኔ ነኝ» አለ ሕሉፍ። የሥነ ዜጋ መምህር ነው፤ የክበቡም ኃላፊ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ባሏ ይሆናል። «ምን ሆነ? አልተቀባማ። ካልተቀባ ንጹሕ ነው።»

ሰርካዲስ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። እንዲህ ያለውን መልስ ከዘጠነኛ ክፍል ልጅ ብትሰማው ስቃ ታልፈው ነበር። ከሚያገባት ሰው ስትሰማው ግን ደሟ ፈላ።

«ያልተቀባው ቁጥር ስላልተገኘ ነው፣ ሕሉፍ! ቁጥሩን የወሰድንበት ሪፖርት ላይ ሰረዝ ነው ያለው። ሰረዝ ዜሮ ነው እንዴ? አንዱ ጦርነት ላይ ነው፤ አንዱ መመርመሪያ የለውም፤ አንዱ ደግሞ ማወቅ አይፈልግም።»

«እሺ በጃኺ፣ እባክሽ አትጩኺ። ሰው ይሰማል።»

እውነትም በሩ ላይ ሰው ነበረ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ዘርኡ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ካርታውን ቃኙት።

«ቆንጆ ነው፤ በጣም ቆንጆ። ብቻ ኢትዮጵያ ብርቱካናማ መሆኗ... እንግዶቹ ከክልል ነው የሚመጡት። ቢጫ ብናደርጋትስ? ከስዋዚላንድ ጋር እኮ አንገናኝም። እነሱ ከአራት ሰው አንድ፣ እኛ ከመቶ ሁለት።»

«መምህር ዘርኡ፣ የስዋዚላንድ ሕዝብ እኮ ሁሉም ተጠራርቶ ቢመጣ የእኛን አንድ ዞን ቢያክል ነው። እኛ ከመቶ ሁለት ስንል ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ነው። የታመመብን ከእነሱ ብዙ እጥፍ ነው።»

«ሓቂ ነው፣ ሓቂ ነው» አሉ አቶ ዘርኡ፣ ምንም እንዳልሰሙ በሚያስታውቅ ድምፅ። «ብቻ ቢጫዋን አስቡባት።» ወጡ።

ሕሉፍ ሳቀ። «አየሽ? ከመቶ ሁለት። እኔ ከዘጠና ስምንቱ ነኝ።»

ይህችን ነገር ሰርካዲስ ከመስከረም ጀምሮ ስትሰማት ከርማለች። የሚያጋቧቸው ቄስ ሁለቱም ደም ሳይመረመሩ ተክሊል እንደሌለ ቁርጡን ነግረዋቸዋል። እሷ ወዲያው ተመርምራ ነጻ መሆኗን አውቃለች። እሱ ግን አንድ ቀን ስብሰባ፣ አንድ ቀን የፈተና እርማት ይላል። ይኸው ሰው የክበቡን ተማሪዎች በከበሮ አጅቦ ለምርመራ ወስዷቸው ያውቃል። እነሱ ተራ በተራ መመርመሪያው ድንኳን ውስጥ ሲገቡ እሱ ጃኬታቸውን ታቅፎ ውጭ ቀረ።

«ከመቶ ሁለቱስ ምን ይሉ የነበረ ይመስልሃል?» አለች። «እነሱም እኮ ከዘጠና ስምንቱ ነን ሲሉ ነው የኖሩት! ከመቶ ሁለት የአገር ቁጥር ነው፤ ያንተ አይደለም። አንተ አንድ ሰው ነህ፤ ወይ አለብህ ወይ የለብህም። አሁን ግን ይሄን ነህ።» ካርታው ላይ ካሉት ያልተቀቡ አገሮች አንዱን በብሩሹ ጠቆመችው።

የሕሉፍ ሳቅ ከፊቱ ጠፋ።

«ጥር ደረሰ እኮ። እናቴ ከደብረ ብርሃን በየቀኑ እየደወለች ትኬት ልቁረጥ ወይ ትለኛለች። ነገ ድንኳኑ የሚተከለው እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው። ካልገባህ ሠርጉ ይቅር። ሰለቸኝ! የዓለምን ቁጥር ሁሉ አግኝቼ ያንተን አጣሁት።»

ሕሉፍ ብሩሹን ከእጇ ወስዶ «ከኤድስ ነጻ» የሚለውን ደፈነና ከሥሩ «ገና አልታወቀም» ብሎ ጻፈ። ቀና ሲል የተደገፈበት ጣቱ ገና ያልደረቀው ደቡብ አፍሪካ ላይ ዐርፎ ቀይ ሆነ።

«ቢኖርብኝስ?» አለ።

ለተማሪዎቿ የምትለው ነበራት፦ መድኃኒት አለ፣ ሰው ይኖራል። ያን ትታ የቀለሙን ጣሳ ከደነች።

«ወንድሜን ምን እንደገደለው እኛ ቤት እስከ ዛሬ አይነሳም» አለ ሕሉፍ። «ሳንባ ነው ይባላል። እናቴ አሁንም ሳንባ ነው የምትለው። ሌላ ልጅ ደግሞ... ሰርካዲስ፣ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ?»

ለካ ያ ሁሉ ቀልድ ፍርሃት ነበር። አንጀቷን በላት፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ በጥፊ ብትለው በወደደች። ይህን ቀድሞ ቢነግራት ምን ነበረበት?

«ጣትህን አምጣ» አለች ላምባ የነካ ጨርቅ አንስታ። «ልብስህን ልታበላሸው ነው።»

ሕሉፍ ጣቱን ዘረጋላት። ፊቱን የውቅሮው መንገድ ወደሚታይበት መስኮት አዙሮ ዓይኑን ጭፍን አደረገ። ጨርቁ ሲነካው ትከሻው ተሰበቀ።

«ነገ...» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ጃኬቴን ማን ይይዝልኛል?»

«እኔ።»

ቀለሙ ሙልጭ ብሎ ወጥቷል። ሰርካዲስ ጣቱን ገና አልለቀቀችውም።