ከበሩ ሥር ያለው ፎጣ

«ከበሩ ደረሰ አልሽኝ። ከዚያስ?» አለች እናትየው፣ ማንበብ የማትችለውን የዕብራይስጥ መጽሐፍ ትክ ብላ እያየች።

ልጇ ወደ አማርኛ እየመለሰች የምታነብላት የድሮ የበቀል ታሪክ ነበር። የተገደለ አሽከር ጌታውን ሊበቀል ከመቃብር ይነሣል። ውጭ ነፋሱ ሰፈራቸውን ሽኩና ቤትን አቧራ አልብሶት ስለነበር፣ እናትየው እንዳይገባባት ፎጣ ጠቅልላ ከበሩ ሥር ወትፋለች። ወንድ ልጇ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተንዶበት ከሞተ፣ አሠሪውም በነፃ ከተሰናበተ ወዲህ፣ ከዚህ መጽሐፍ ሌላ ነገር መስማት አትፈልግም ነበር። በየገጹ «ያንንም እንዲሁ ያድርገው!» እያለች አሠሪውን ትረግማለች።

በዕብራይስጥ «ሩዋህ» መንፈስም ነው፣ ነፋስም ነው። አማርኛዋ ለጎደለባት ልጅ ከሁለቱ የመጣላት «ነፋስ» ነበር።

«የሟቹ ነፋስ በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ። ጌታውን አንቆ ገደለው። ዳይ፣ ኢማ፣ አለቀ፤ ይበቃል።»

ልጅቱ የእናቷን እርግማን ጠበቀች። እናትየው ግን ዐይኗን ከመጽሐፉ ወደ በሩ ሥር መለሰች።

«ወደ ጌታው ሲሄድ በእናቱ ቤት አላለፈም?»

«ስለ እናቱ አልተጻፈም።»

እናትየው ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ተንበርክካ ፎጣውን በሁለት እጇ ጎትታ አወጣችው። ነፋሱ ከወለሉ ጋር እየተሳበ ገብቶ ቀሚሷን አቧራ አለበሰው።

«ኢማ! ምን ሆነሻል? አቧራው እኮ ገባ!»

«ተይው» አለች፣ ከተንበረከከችበት ሳትነሣ። «ይግባ።»