ሰባተኛውን ብቻህን እየው

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር ሚስቱ ልትገድለው እንዳሰበች የተረዳው ከአንድ ትንሽ የፊልም መመሪያ ነው።

በሥራው ዘመን ባልደረቦቹ «ፍሬኑ» ይሉት ነበር። ጥላ ሲያይ ፍሬን ይይዛል፤ ነፋስ ወረቀት ሲያበር ፍሬን ይይዛል። ሲስቁበት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላቸዋል። እውነት ለመናገር፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ሰው ቀርቶ ድመት አልገጨም። ሥራውን ሲያስረክብ ግን ጥርጣሬውን የሚያስረክበው ሰው አላገኘምና ይዞት ቤቱ ገባ።

ጡረታ ሲወጣ ሴት ልጁ ስጦታ ላከችለት፤ «ተሳፋሪው» የሚባለውን አስፈሪ ፊልም፣ ከአንደኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ክፍል፣ ከነመመሪያው። ታሪኩ ሁልጊዜ ያው ነው። አውቶቡሱ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ባዶ ይሆናል፤ ሾፌሩ በመስታወት ሲያይ ግን የኋላው ወንበር ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል።

«ይሄማ ስንቴ ገጥሞኛል፤ እንቅልፍ የጣለው ሰካራም ነው» አለ ፍሬኑ። ቢሆንም ወደደው። የዕድሜ ልክ ሥራው ፊልም ሆኖ ሲመጣለት ማን ይጠላል?

መመሪያውን የጻፈው ሰው ክፍሎቹን ሁሉ ደጋግሞ ያየ ነው። የትኛው ከየትኛው በፊት እንደሚታይ፣ የትኛው ቢዘለል እንደማይጎዳ፣ የትኛው እንቅልፍ እንደሚነሳ አንድ በአንድ ያስረዳል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከእሱ ቀድማ አንብባ ጨረሰችው። ጋዜጣ እንኳ ለመጠቅለያ ካልሆነ የማትነካ ሴት! ያን ጊዜ ነበር መንቃት።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ደህና አልነበሩም። ሁለቱም አብረው ተመርምረው፣ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ እሷን ብቻ ወደ ውስጥ ጠራት። ፍሬኑ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ጠበቀ፣ ጠበቀ። ስትወጣ ዐይኗ ቀልቷል።

«ምን አለሽ?»

«ምን ይለኛል? ጨው ቀንሱ አለ።»

«ጨው ቀንሱ ለማለት ነው ይሄን ያህል የቆየው?»

«ተወኝ እስቲ አንተ ሰው! ሐኪሙ ወሬ ይወዳል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ምግቡ አልጫ ሆነ። ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ክንዱን ትይዝና «ትንሽ እንረፍ» ትለዋለች። ጠዋት ሲነቃ፣ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ ፊቱን ስታይ ያገኛታል።

«ምን ታያለሽ?»

«አንተን ነዋ። አይታይም እንዴ?»

ፍሬኑ ደመረ፣ ቀነሰ። ልቡ ታሟል ማለት ነው። ሐኪሙ ለእሷ ነገራት፤ እሷ ደበቀችው። እንዳልጨነቅ ብላ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። መመሪያውን ራሱ እስኪገልጠው ድረስ።

ሰባተኛው ክፍል ላይ ጸሐፊው «የልብ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ክፍል ፈጽሞ እንዳያይ» ይላል። ከሥሩ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሮበታል። ወደ ኋላ ገለጠ። ሦስተኛውም ክፍል ተሰምሮበታል። አንደኛውንና ሁለተኛውን እጅ ለእጅ ተያይዘው እየሳቁ ነው ያዩት። ለሦስተኛው ግን ሚስቱ «ጎረቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጥታ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ነበር የተመለሰችው። መመሪያውን ዘጋው።

«ሰባተኛውንስ መቼ እንየው?» አላት እንደ ዋዛ።

«ሰባተኛውን ብቻህን እየው። እኔ ገበያ እሄዳለሁ።»

ቀና ብላ ሳታየው ነው ያለችው።

ፍሬኑ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፍቶ አለቀሰ። የሙሽርነት ሱፉን በእጇ የሰፋችለት ሴት ናት! ምን አጎደለባት? ከዚያ ፊቱን ታጠበና ዘዴ ዘየደ።

መመሪያው አራተኛውን ክፍል «ከሁሉም የቀለለ፣ ሕፃን የሚስቅበት» ይለዋል። ፍሬኑ የሰባተኛውን ዲስክ አውጥቶ በአራተኛው ማቀፊያ ውስጥ ከተተው። ሰባተኛው መሆኑን ስታውቅ ተነስታ ልትወጣ ትሞክራለች፤ ያን ጊዜ እጅ ከፍንጅ ተያዘች ማለት ነው። ለራሱ ደግሞ ጥጥ አዘጋጀ፤ ዐይኑንም ከምንጣፉ ላይ ላያነሳ ወሰነ።

ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን ዘጉ። ሚስቱ ደስ ብሏት ትከሻው ላይ ተደገፈች።

«ዛሬ የሚያስቀው ነው አይደል?»

«እሱ ነው» አለ ፍሬኑ። ፊልሙ ሲጀምር ጥጡን በሁለቱም ጆሮው ወተፈ።

ብዙም ሳይቆይ እጁን ጭምቅ አደረገችው። ምንጣፉን አየ። ከዚያ የጠበቀው መጣ፤ ልትነሳ ሞከረች።

«አወቅሽው አይደል?» ብሎ ክንዷን ያዘ። «የትም አትሄጂም! አብረን ነው የምናየው!»

አንድ ነገር አለችው። አልሰማትም። ደግማ አለችው።

«ቁጭ በይ አልኩሽ!»

ቁጭ አለች። ቀስ ብላ ወደ ትከሻው ተመለሰች። አሁን ማስመሰል አበዛች አለ በሆዱ። በሌላው እጁ ደረቱን ዳሰሰ፤ ልቡ ያለ እንከን ይመታል። እንዳሸነፈ ተሰማው፤ ከፋውም። ፊልሙ እስኪያልቅ ክንዷን አልለቀቀም።

አመሻሹ ላይ ያው ሐኪም ሚስቱን ካስገቡበት ክፍል ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ይበርቱ፣ አባባ» አለው፤ «ልባቸው ድንጋጤ እንደማይችል ያን ቀን ነግሬያቸው ነበር፤ ለእርስዎ እንዳልናገር አስምለውኝ ነው እንጂ።»