የአልማዟ ነጥብ

ለምርምር በቀረበችው አልማዝ ውስጥ ያለችው አንዲት ነጥብ የምትረጨው ብርሃን አብዛኛው እዚያው ታፍኖ ይቀር ስለነበር፣ ተመራማሪዋ ብርሃኑን እንድታወጣላት ከአሸዋ ቅንጣት የምታንስ ሌንስ እንደ ቆብ ደፋችባት። ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ነበር፤ የባዕድ ብርሃን ጭላንጭል ልኬቱን ያበላሻል። ድንገት ብርሃን ቆጣሪው ላይ ደብዘዝ ብሎ የሚታየው ቀይ ቁጥር አሥር እጥፍ ዘለለ።

«እሰይ፣ ስለቴ ሰመረ!» ብላ ዞረች። ከባዶ ወንበር በቀር የሚሰማት አልነበረም።

ቁጥሩ ወረደ፤ ደግሞ ዘለለ። ያኔ የጋውኗን ኪስ አየች። ውጭ ትታው መግባት የነበረባት ስልክ ድምፁ ጠፍቶ ይበራል፤ ቁጥሩን ያዘለለው የእሱ ብርሃን ነበር። የምትደውለው እናቷ ነበረች። እየተናደደች አነሳችው።

«ሥራ አስፈታሁሽ እንዴ ልጄ? ልዝጋው?»

ስልኩን እንደበራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቁጥሩ አልወረደም።

«ኧረ አትዝጊው እማዬ» አለች፣ ዓይኗን ከቁጥሩ ሳትነቅል። «ትንሽ አጫውቺኝ።»