ርካሹ ሻንሲ

ይሄይስ ታረቀኝን ይጠላዋል። ይህን ከማንም አይደብቅም፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስልክ የሚያሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ነገሩ የተጀመረው አምና ነው። የሪሞት መኪና ክበቡ በየዓመቱ አንድ ውድድር ያደርጋል፤ አሥሩን ዙር ቀድሞ የጨረሰ ሰው ዓመቱን ሙሉ የክበቡን ወርክሾፕ ተረክቦ ስልክ ይጠግንበታል። አምና ይሄይስ እየመራ መጨረሻው ዙር ላይ ሲደርስ ታረቀኝ ከኋላ መጥቶ መኪናውን ገጨበትና ቦይ ውስጥ ከተተበት።

"ሪሞቱ አልታዘዝ አለኝ" አለ ታረቀኝ። ወርክሾፑንም ወሰደ።

ይሄይስ ዓመቱን የጓደኛው የፈሐድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ እየወጠረ ሠራ። ዘንድሮም ከተሸነፈ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ አማኑኤል ተመልሶ የአባቱን የእህል መጋዘን ሊጠብቅ ነው። አባቱ ቁርጡን ነግረውታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና ይሄይስ ማታም ጠዋትም የሚያስበው ታረቀኝን ነበር።

ፈሐድ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲሄድ ይሄይስ የሪሞት መኪና ሻንሲ እንዲገዛለት ለመነው።

"ውዱን ላምጣልህ ወይስ የጀማሪውን?" አለው ፈሐድ።

"የጀማሪውን። ዋናው አጥንቱ ነው፤ ሌላውን እኔ እቀይረዋለሁ።"

"ፕላስቲክ እኮ ነው።"

"ፕላስቲክ ታጥፎ ይመለሳል። የታረቀኝ አልሙኒየም አንዴ ከታጠፈ ታጥፎ ይቀራል።"

ሻንሲው መጣ። ይሄይስ መጀመሪያ የጎማዎቹን የፕላስቲክ ቡሽ አውጥቶ ኩሽኔታ አስገባ። የዲፈረንሻሉን ጥርስ በብረት ቀየረ። ንጥረቱን የሚያበርዱትን ሾኮች ዘይት ሞላቸው፤ ቀጭን ዘይት ቢያደርግ መኪናዋ እንደ ፌንጣ ዘለለችበት፣ ወፈር ያለ ሲጨምር ረጋች። ሞተሩን የቀየረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ባልጠነከረ ሻንሲ ላይ ኃይለኛ ሞተር መጫን የሞኝ ሥራ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ያቺ የልጅ መጫወቻ የምትመስል መኪና ከፈሐድ ሱቅ እስከ መስጊዱ አጥር ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ትደርስ ጀመር።

"ታሸንፈዋለህ" አለ ፈሐድ።

"ማሸነፍ አይበቃኝም። በሰው ፊት ሲዋረድ ማየት ነው የምፈልገው።"

የውድድሩ ዕለት እሑድ ነበር። ጠዋት በተደረገው ማጣሪያ ስምንት መኪና ወደቀ፤ ለፍጻሜ የቀሩት ይሄይስና ታረቀኝ ብቻ ሆኑ። ሁለቱ መኪኖች የክበቡ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡና ሰዉ ለምሳ ወጣ።

ይሄይስ ስልኬን ረሳሁ ብሎ ከመንገድ ተመለሰ። በሩ ላይ ከታረቀኝ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

"ውሃ ልጠጣ ገብቼ ነው" አለ ታረቀኝ፣ ሳይጠየቅ።

ይሄይስ አልፎት ገባ። ኮቴው እስኪርቅ ጠበቀ። ከዚያ ከኪሱ ትንሽ ቁልፍ አውጥቶ የታረቀኝን መኪና የግራ ፊት ጎማ ዳዶ ፈታ አደረገው። ብዙ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ዙር ሄዳ ሕዝብ እያየ ጎማዋን እንድትጥል ያህል ብቻ። የራሱን መኪና አልነካትም። ጠዋት እንደ ንብ ስትበር አይቷታል፤ ምን ሊያደርግ ይነካታል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው ሞላ። ሁለቱ ሊሰለፉ ሲሉ የክበቡ ሊቀመንበር ጋሽ እንዳላማው መሐል ገቡ። እኒህ ሰው በዕድሜያቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልዳኙት ድንበር የለም።

"ዓመት ሙሉ አልተነጋገራችሁም" አሉ። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ተሳሳሙ።"

ተሳሳሙ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

"በጉንጭ ብቻ አይሆንም። እርቁ እንዲጸና አንዳችሁ የሌላችሁን መኪና ንዱ። ያሸነፈው ነጂ ወርክሾፑን ይውሰድ።"

ይሄይስ ክው አለ። የታረቀኝም ፊት አመድ መሰለ።

"ጋሼ፣ የእሱን መኪና አልለመድኳትም" አለ ታረቀኝ።

ርካሽ ሻንሲ ስለሆነች ተጸየፋት፣ ሲል ይሄይስ በልቡ ረገመው። "እኔም የእሱን አልለመድኳትም፤ እርስዎ ይተዉን" አለ።

"በዚህ ዕድሜዬ ድንጋይ ተሸክሜ ልለምናችሁ?" አሉ ጋሽ እንዳላማው።

ይህን ሰምቶ እምቢ የሚል ጎጃሜ የለም። ሪሞት ተለዋወጡ።

ፊሽካው ተነፋ። ይሄይስ መኪናዋን እንቁላል እንደጫነች ሁሉ በቀስታ ነዳት። ዳዶው አሥር ዙር እንዲቆይለት ያልለመነው ታቦት አልቀረም። አማኑኤል ያለው መጋዘን ዓይኑ ላይ ድቅን አለ።

ዞር ቢል ታረቀኝም ያቺን የምትበር መኪና በእግሯ እያስኬዳት ነው። ይሄይስ ደሙ ፈላ። በሦስት ወር ልፋቴ በሕዝብ ፊት ሊያላግጥ ነው፣ አለ በልቡ።

"ንዱ እንጂ" አለ ሕዝቡ።

ጋሽ እንዳላማው ግን በጋቢያቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። "አያችሁ? አንዱ አንዱን መቅደም አልፈለገም" አሉ።

በሦስተኛው ዙር ይሄይስ የሚነዳት የታረቀኝ መኪና የግራ ጎማዋን ጣለች፤ ታረቀኝ የሚነዳት የይሄይስ መኪና ደግሞ እዚያው መታጠፊያ ላይ የቀኙን።