የጉልቤ ጋውን

ሽማግሌው ውሻቸውን ያመጡት ለጥርስ ነው። አንዲት የበሰበሰች ጥርስ፣ ሌላ ምንም የለበትም። ረፋዱ ላይ አስረክበውት፣ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እኩለ ቀን ሳይሞላ የውሻው በድን በፎጣ ተጠቅልሎ ወጣላቸው።

«ለጥርስ እኮ ነው ያመጣሁት» አሉ። ደጋግመው ያሉት ይችኑ ብቻ ነው።

የክሊኒኩ ባለቤት፣ ዋናዋ ሐኪም፣ የደረሰችው እዚህ ላይ ነው። እንደ ልማዷ ማንም ሳይገባ ገብታ፣ የቀኑን ሥራና መድኃኒት አሰናድታ፣ የአንድ ጋሪ ፈረስ ያበጠ እግር ልትቀድ ከከተማ ወጣ ብላ ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ የፈረሱን ማደንዘዣ ብልቃጥ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰች። ከዚያ ዞር ስትል ፎጣውን አየች።

ባሏን ከቀበረች ገና ቅርብ ነው። ክሊኒኩን ያቆሙት አብረው ነው። ሠራተኞቿ «እረፊ፣ እኛ አለንልሽ» ቢሏት፣ ወይ ፍንክች! ቤቱ ይጮህብኛል ብላ ጥቁሯን እንደለበሰች ሥራ ገባች። እንቅልፍ የላት፣ ምግብ የላት። እጇ ግን የለመደውን ሥራ ይሠራል።

እዚያ ቤት አንድ ሕግ አለ፣ ያወጣችውም እሷው ናት። መድኃኒት የሳበ ሰው የራሱን ቀለም ፕላስተር መርፌው ላይ ይለጥፋል። ቀይ የጀማሪዋ ሐኪም ነው፣ አረንጓዴ የነርሷ፣ ሰማያዊ የራሷ። የሚወጋው ሰው ቀለሙን አይቶ ባለቤቱን ይጠይቃል። በስህተት እንስሳ የገደለ ሥራውን ይለቃል። «እኔም ብሆን!» ትል ነበር ባሏ በሕይወት ሳለ፣ እሱም ይስቅባት ነበር።

ሁለቱን ሠራተኞቿን አስገብታ በሩን ዘጋች። መርፌው ትሪው ላይ ነው፣ ፕላስተር የለበትም። የውሻ ማደንዘዣው ብልቃጥ ማሸጊያው እንኳን አልተነካም። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ለትንሽ ውሻ የፈረስ መድኃኒት ተስቦለታል።

«ማን ነው የሳበው?»

ጀማሪዋ ሐኪም ፊቷ በእንባ ታጥቧል። «የወጋሁት እኔ ነኝ፣ ዶክተር።»

«የሳበውን ነው የጠየቅኩሽ! የማንን ቀለም አይተሽ ነው ሳትጠይቂ የወጋሽው?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ነርሷን አየቻት። መልሳ ዘጋችው።

«እኔ ነኝ» አለች ነርሷ።

ይቺን ነርስ ጉልቤ ነው የሚሏት፤ ጥጃ የሚያህል ውሻ ለብቻዋ አንቃ ስለምትይዝ። ክሊኒኩ አንድ ክፍል ብቻ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አለች። አንድም ቀን ብልቃጥ ተሳስቶባት አያውቅም።

«ፕላስተርሽስ የታለ?»

«ደንግጬ ላጥኩት።»

ዋናዋ ሐኪም አላመነቻትም። ልጅቷን ለምና ያስቀጠረቻት ጉልቤ ናት፤ ምሳዋን የምታካፍላት፣ «የኔ ልጅ» የምትላት እሷው ናት። ልጅቷን አስወጣችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እየሸፈንሻት ነው። እውነቱን ንገሪኝና እሷ ትሂድ። አንቺ ልጆች አሉሽ እኮ፣ በምን ልታሳድጊያቸው ነው?»

«እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ፣ በቃ!»

«ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«አሳምሬ።»

ጉልቤ ጋውኗን አውልቃ ምስማሩ ላይ ሰቀለችው። ልትስቅ ሞከረች፣ «ውሻ የሚይዝ ክንድ የትም አይጠላም» አለች፣ ግን ሳቁ እንቢ አላት። በሩ ጋ ስትደርስ ዘወር አለች።

«ምሳ ብይ እሺ? ዛሬ ደግሞ በጊዜ ግቢና ተኚ።»

አሁን የኔ እንቅልፍ ምን አገባት ብላ ተናደደች ዋናዋ ሐኪም። ከተናደደችው በላይ ግን ሆድ ባሳት። ባሏ ሄደ፣ አሁን ደግሞ እህት ያህል የምትቀርባት ሴት ዐይኗ እያየ ዋሸቻት።

ወጥታ ለሽማግሌው ነገረቻቸው፦ «ጥፋተኛዋን አባርሬያታለሁ፣ አባቴ።»

«ያቺን ግዙፏን?» አሉ ኮፍያቸውን እያሻሹ። «እሷ ናት እኮ አብራኝ ያለቀሰችው።»

ከዚያ ወዲያ ክሊኒኩ ውስጥ ሳቅ ጠፋ። ዋናዋ ሐኪም ልጅቷን ማየት አስጠላት። ሥራ ታዝዛታለች፣ ሌላ ቃል የለም። ልጅቷም አንድ የሚያበሳጭ ዐመል አመጣች፤ ሰማያዊ ፕላስተር የተለጠፈበትን መርፌ እንኳን ይዛ ትቆምና፣ «ዶክተር፣ ከየትኛው ብልቃጥ ነው?» ትላለች።

«የኔን ቀለም አታዪም እንዴ? እኔንም መመርመር ጀመርሽ?»

«ይቅርታ፣ ዶክተር» ትልና ዐይኗ እንባ ያቀርራል። መልሱን ሳትሰማ ግን አትወጋም።

የፈሪ እንባ ነው አለች ዋናዋ ሐኪም በልቧ። ሌላዋ እንጀራዋን አጥታላት፣ እሷ አሁን ትጠነቀቃለች!

አዲስ ነርስ የተቀጠረች ዕለት ጋውን አነሰ። ዋናዋ ሐኪም የጉልቤን ከምስማሩ አወረደችው፤ እስከዚያ ቀን ማንም አልነካውም ነበር። የውሻ ጠረን አለው። ሊታጠብ ነውና ኪሱን ፈተሸች፤ ግማሽ ብስኩት፣ የክር ጥቅልል፣ ከሥር ደግሞ ተጨማድዶ የደረቀ ፕላስተር።

ይኸው ማስረጃው! ልጅቷን ዛሬውኑ ታሰናብታታለች፣ ጉልቤን ደጃፏ ድረስ ሄዳ እግሯ ላይ ወድቃ ትመልሳታለች። ቀዩን ልታይ ወደ መስኮቱ ተጠጋችና እጥፋቱን በጥፍሯ ፈታችው።

ሰማያዊ ነበር።